ቤቱ ይቆይ፣ መዝገቡ ይቅደም፦ የመንደር ሙዚየም በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከየካ አባዶ እስከ ቦሌ አራብሳ፣ ከቂሊንጦ እስከ ኮዬ ፈጬ ያለው የአዲስ አበባ ዳርቻ ዛሬ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተሞልቷል። ከሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመት በፊት ግን አብዛኛው ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት መሬት ነበር። ለከተማዋ ወተት፣ ማገዶና ኩበት ያቀርቡ ከነበሩት ብዙዎቹ የእነዚህ መንደሮች ሰዎች ናቸው። የመንደሮቹ ስም አልጠፋም፤ የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ ይጠራዋል። የጠፋው ስሙን ከነታሪኩ የሚያውቁት ሰዎች አብረው የሚውሉበት ቦታ ነው። ካሳ የተቀበለው ገበሬ አንዱ ወደ ለገጣፎ፣ ሌላው ወደ ሰንዳፋ ሄዷል፤ ሌላው ልጆቹ ዘንድ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። የድሮ ጎረቤታሞች የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ነው።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ በወጣበት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 አልፏል። እርቦና ሲሶ፣ ማለትም የምርቱን ሩብ ወይም ሲሶ፣ ለባለመሬት እየከፈለ ያርስ የነበረውን ጭሰኛ ኑሮ በአዋቂ ዓይን ያየ ሰው በየዓመቱ ቁጥሩ ይቀንሳል። የጣልያንን ጊዜ በልጅነቱ የሚያስታውስ ሰው ደግሞ 90 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

በየአካባቢው «የራሳችን ሙዚየም ይኑረን» የሚለው ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ጭንቀት ነው፤ ተገቢም ነው። ችግሩ ሥራው የሚጀመርበት ጫፍ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መሬት ይጠየቃል፣ ኮሚቴ ይዋቀራል፣ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ገንዘብ ይሰበሰባል። ያ ሁሉ ሲጠበቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ የሚናገሩት ሰዎችም ያልፋሉ። በከተማ ዳርቻ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ዋስትና ያለው ነገር መሬት ነው። የመንደሩን እርሻ የወሰደው መንገድ ወይም ሳይት ነገ ሙዚየሙንም ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ እዚህ የሚቋቋም ሙዚየም ከመጀመሪያው ቤት ቢያጣም የማይፈርስ ሆኖ መሠራት አለበት። ይህ የሚሆነው መጀመሪያ ድምፁ፣ ቀጥሎ ሰነዱና ፎቶግራፉ፣ ከዚያ ዕቃው፣ በመጨረሻ ክፍሉ ሲመጣ ነው።

ከድምፁ እንጀምር። አንድን አዛውንት አስቀምጦ «የመንደሩን ታሪክ ይንገሩን» ማለት የተለመደ ነው፤ ውጤቱም የተለመደ ነው። ሰውየው ከትምህርት ቤትና ከራዲዮ የሚታወቀውን የነገሥታትና የጣልያን ታሪክ በአጭሩ ነግሮ ያበቃል። ታሪክ ማለት እሱ ይመስለዋላ። የመንደሩ ታሪክ የሚወጣው ከትንሽ ጥያቄ ነው፦ «ውሃ የሚቀዱት ከየትኛው ምንጭ ነበር? በበጋ ሲደርቅስ? ገበያ ሲሄዱ በየት ያልፉ ነበር? ያ ማሳ ማን ይባል ነበር፣ ማንስ ያርሰው ነበር? የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት እህሉ የት ይፈጭ ነበር?» ከአንድ ምንጭ ተነሥቶ የውሃ ጠብ፣ ከጠቡ የሽማግሌዎቹ ስም፣ ከሽማግሌዎቹ የመሬቱ ይዞታ ይመጣል።

ሴቶችን ለብቻ መቅዳት ግድ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲቀመጡ የሚናገረው ባል ነው፤ ሚስት የምታርመው ዓመተ ምሕረት ብቻ ነው። ስለ ወሊድ፣ ስለ ምጥ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ረኃብ፣ እንጨት ለቅሞ እንጦጦን ስለ መውረድ የሚያውቁት ግን እማማ ናቸው። በአካባቢው ካሉት አዛውንቶች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ስለሆነ ቀረጻው ሰውየው በሚያልምበት ቋንቋ ይሁን። ኦሮምኛው በቁቤ ተጽፎ የአማርኛ ትርጉም ይታከልበት። በአስተርጓሚ እየተቆራረጠ የተቀዳ ቃል ግማሽ ነው።

ቀረጻው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ደህና ስልክና ኮሌታ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ይበቃል፤ ማይኩ ከአፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ስልኩ የበረራ ሁነታ ላይ ይደረግ፤ ያለዚያ መሀል ላይ የሚደወል ስልክ ቅጂውን ይቆርጠዋል። መተግበሪያው ዋቭ በሚባለው ያልተጨመቀ ዓይነት እንዲቀዳ ይስተካከል። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ስቴሪዮ የተቀዳ 1 ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይይዛል፤ በሞኖ ግማሹን፤ ለአንድ ሰው ንግግር ሞኖ ይበቃል። ቅጂን የሚያበላሸው ከስልኩ ይልቅ ቤቱ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሐምሌ ዝናብ ድምፁን ሁሉ ይውጠዋል። ባዶ የብሎኬት ክፍል ያስተጋባል፤ ጋቢና ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት ጓዳ ይሻላል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከቅዳሴ መልስ ወይም ከገበያ ቀን ውጭ መቅዳት ያዋጣል። አንድ ቀረጻ ከ1 ሰዓት ተኩል አይብለጥ፤ አባባ ሳይናገሩት ይደክማቸዋል።

እያንዳንዱ ቅጂ ሲጀምር ቀን፣ ቦታ፣ የተናጋሪውና የጠያቂው ስም በድምፅ ይነገር። ፈቃዱም እዚያው ይቀዳ፦ ማን ሊሰማው ይችላል፣ ስም ይገለጽ ወይስ ይደበቅ፣ ለስንት ዓመት ዝግ ይሁን፣ ተናጋሪው ሐሳቡን ቢለውጥ እንዲነሣለት መጠየቅ እንደሚችል። መፈረም ለማይችሉ ሰዎች በድምፅ የተሰጠ ፈቃድ ከጣት አሻራ የበለጠ ግልጽ ነው፤ የፈቀዱትን ነገር በራሳቸው ቃል ስለሚናገሩት። አንድ ሰዓት ንግግር ቃል በቃል መገልበጥ 5 እና 6 ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ሥራ እዚህ ላይ ይቆማል። መፍትሔው ሁሉንም ለመገልበጥ አለመነሣት ነው። በየ5 ደቂቃው ምን እንደተወራ በሁለት መስመር የሚገልጽ ማውጫ ይዘጋጅ፤ ሙሉው ግልባጭ ለተመረጡት ብቻ ይሁን።

አዛውንቶች ዓመተ ምሕረት አይቆጥሩም ማለት ጊዜ አያውቁም ማለት አይደለም። ጊዜውን በክስተት ያስሩታል። ስለዚህ ጠያቂው በእጁ አንድ ገጽ የጊዜ ሰንጠረዥ ይያዝ፦ የኅዳር በሽታ 1911፣ የጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የገጠር መሬት አዋጅና የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 1967፣ የብር ለውጥ 1969፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጀመሪያ 1971፣ የደርግ መውደቅ ግንቦት 1983። አካባቢው የራሱን ይጨምርበት፦ ቤተ ክርስቲያኑ የታነጸበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ወንዙ ሰው የወሰደበት፣ የካሳ ግምት የመጣበት። «የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ዘማቾቹ በመጡ ዓመት ነው» ሲባል ዓመቱ ይታወቃል። ሁለት ቤተሰቦች ስለ አንድ መሬት የተለያየ ቢናገሩ ሁለቱም ይመዝገቡ። በተለይ በዚህ ዳርቻ «ማን ቀድሞ ነበር» የሚለው ጥያቄ ሰውን ያጣላል። ሙዚየሙ ፍርድ ቤት አይደለም፤ የማንን ቃል ከማን፣ መቼ እንደተቀበለ ብቻ በግልጽ ያስቀምጥ።

ከድምፁ ጋር አብሮ የሚሠራው ካርታ ነው። ጉግል ኧርዝ የቆዩ የሳተላይት ምስሎችን በዓመት ከፍሎ ያሳያል። ለብዙው የአዲስ አበባ ዳርቻ ሕንፃዎቹ ከመሠራታቸው በፊት የተነሣ ምስል ይገኛል። ከዚያም ለቆየው ጊዜ የቀድሞውን የካርታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት የተካው የኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የአየር ፎቶግራፍ አለው። ምስሉን በትልቅ ወረቀት አሳትሞ፣ ላዩ ላይ ላስቲክ ዘርግቶ፣ አምስት ስድስት ሰዎችን ዙሪያውን ማስቀመጥ ነው። በዚህ ጊዜ በቡድን መሆን ይጠቅማል፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያነሣል። ምንጩ፣ አውድማው፣ የከብት መሻገሪያው፣ የመቃብሩ ቦታ፣ ሰው የሚሸመግልበት ዛፍ በየስማቸው ይጻፉ፤ ስሙም ሰዎቹ እንደሚጠሩት እንጂ በኋላ ታርሞ እንደተጻፈው አይሁን። ከዚያ በእግር ተሂዶ የቀረው ነገር አቀማመጥ በስልክ ይመዝገብ።

ከሰነዶች ሁሉ የተናቀው የእድር መዝገብ ነው። የአባላት ስም፣ መዋጮ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ለማን ድንኳን እንደተተከለ፣ ማን ሰፈር ለቆ እንደወጣ በተከታታይ ዓመታት ተጽፎ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው። ብዙ መንደር ከዚህ የተሻለ የሕዝብ መዝገብ የለውም። ሁለተኛው የገበሬ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤና ማኅተም ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀድሞ ጸሐፊ ቤት በአንድ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። የግብር ደረሰኝ፣ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት፣ የድሮ መታወቂያም እንደዚሁ። ሦስተኛው ሰው የማያስበው ነው፦ የካሳ ግምት ሰነድ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997፣ በኋላም እሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱ ሲወሰድ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ባሕር ዛፉ፣ ሰብሉ ተቆጥሮ ተጽፏል። የአንድ ግቢ የመጨረሻ ዝርዝር እሱ ነው። ብሩና የባንክ ቁጥሩ ተሸፍኖ ቅጂ ይወሰድ እንጂ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለማንም አይታይ።

ዋናውን ሰነድ ከሰው ቤት አለመውሰድ ትልቅ ጥበብ ነው። እዚያው በጥላ ውስጥ፣ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሥቶ መመለስ ይሻላል። ስካነር ካለ በ600 ዲፒአይ የምስል ጥራት መቅዳት ለተራ ፎቶግራፍ ይበቃል። ቅጂዎቹ በቴሌግራም ሲላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ ተጨምቀው ዝርዝራቸው ይጠፋል። በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ በስም ይጻፉ፤ ስም የሌለው የቤተሰብ ፎቶ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም። ሙዚየሙ ዋናውን ከተረከበ ስኮች አይለጠፍበት፣ ላሚኔት አይደረግ። የስኮቹ ሙጫ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ የላሚኔሽን ፕላስቲክም ወረቀቱን ሳይጎዳ አይላቀቅም። ማንኛውም ፋይል በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱ ከሰፈሩ ውጭ ይቀመጥ። ሁሉም ነገር በአንድ ወጣት ስልክ ላይ ያለበት ሙዚየም ያ ስልክ ሲሰረቅ ያበቃል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ በጣም የሚያሳዝነው ስህተት ሞፈርና ቀንበር፣ መሶብና ጀበና ሰብስቦ መደርደር ነው። እነዚህ በየባህል ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ አሉ። አንድን ማረሻ የዚህ መንደር ታሪክ የሚያደርገው ማን እንዳረሰበት፣ የትኛውን ማሳ እንዳረሰበት፣ ማን እንደቀጠቀጠው፣ መቼ እንደተሰቀለ መታወቁ ነው። ይህ ካልታወቀ ባይገባ ይሻላል። የቀጥቃጩ፣ የሸክላ ሠሪዋና የሸማኔው ዕቃ ደግሞ ሆን ተብሎ ካልተፈለገ አይመጣም። በንቀት ይታዩ የነበሩ ሰዎች «የእኛ ነገር ሙዚየም ይገባል» ብለው ስለማያስቡ ወደ ቤታቸው መሄድ ያስፈልጋል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ይሰጥ፦ 2018.7.3 ማለት በ2018 ዓ.ም. ከመጣው ሰባተኛ ርክክብ ውስጥ ሦስተኛው ዕቃ ነው። ቁጥሩ በጥጥ ክር በታሰረ ካርድ፣ ጨርቅ ላይ በተሰፋ ትንሽ አቡጀዲ፣ ወረቀት ከሆነ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ። ማርከርና የጥፍር ቀለም ዕቃው ላይ አይነኩም። መዝገቡ ገጹ ቁጥር የተሰጠው ጠንካራ ጥራዝ ይሁን፤ ገጽ ሲቀደድ ይታወቃል። ርክክቡ ስጦታ ነው ወይስ ውሰት የሚለው በሁለት ምስክር ፊት ይጻፍ። «ለጊዜው ያዙልኝ» ተብሎ የገባ ዕቃ ባለቤቱ ሲያርፍ ወራሾችን ያፋጃል። ውሰት ከሆነ የ2 ዓመት ቀነ ገደብ ተሰጥቶት ይታደስ።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ግለሰብ ቅርስ መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን የማስመዝገብና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ያለ ፈቃድ ቁፋሮ ክልክል ነው፤ መሠረት ሲቆፈር ጥንታዊ ነገር ያገኘ ሰውም ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። ይህ በዚህ አካባቢ ሩቅ ነገር አይደለም። ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በቡታጅራ መንገድ የሚገኘው፣ የጥንት ሰው ቅሪትና የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጡሬ፣ በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ ያለው ሙዚየም በጎጆ ቤቶች የተሠራ ነው፤ ሙዚየም ፎቅ መሆኑ የግድ እንዳልሆነ ማየት የሚፈልግ ሄዶ ይመልከተው። የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሌላ ንዋየ ቅድሳት ይዞ የመጣ ሰው ካለ አለመቀበልና ለቤተ ክርስቲያኑ ማሳወቅ ነው። በገንዘብ መግዛት ጨርሶ አይጀመር፤ ገዢ እንዳለ ሲሰማ ሌባ ይሰማራል።

ክፍሉን በተመለከተ 20 ካሬ ሜትር ለመጀመሪያ ይበቃል፤ የእድር ቤት አንዱ ክፍል ሊሆን ይችላል። የጭቃ ቤት የሚናቀው ያለ ምክንያት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ስቦ ቀስ ብሎ ይለቃል። ብሎኬትና ቆርቆሮ ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በክረምት ጠዋት ጣሪያው ከውስጥ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ኮርኒስ ቅንጦት አይደለም። መደርደሪያው ከወለል 15፣ ከግድግዳ 5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ምስጥ የሚመጣበት መሿለኪያ ይታያል፣ አየርም ይዞራል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ጠዋትና ማታ ማንበብ ያስፈልጋል። ከ65 በመቶ በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይጀምራል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋነኛ ጊዜው ነው። ሰው ሻጋታ ሲሸተው መስኮት ይከፍታል፤ በዝናባማ ጠዋት መክፈት ግን እርጥበት ማስገባት ነው። ደረቅ ከሰዓት በኋላ ይከፈት፣ ማራገቢያ ይዙር። የሻገተው ዕቃ ተለይቶ ይድረቅ፤ ከዚያ ደጅ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ።

በእንጨቱ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥሩ አዲስ ዱቄት ከታየ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ነው። መርዝ ከመርጨት ማቀዝቀዝ ይሻላል። ቀለም ያልተቀባው እንጨት ወይም ብል የገባበት ጨርቅ በሁለት ላስቲክ አየሩ ወጥቶ ይታሸግና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያደርስ ፍሪዘር ለ2 ሳምንት ይቀመጣል። መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። ከወጣ በኋላም ለ24 ሰዓት ሳይፈታ ይቆይ፤ ወዲያው ከተፈታ ጤዛ ይይዘዋል። ናፍታሊን መበተንና በወይራ ማጠን የለመድነው ቢሆንም የመጀመሪያው ሰውን ይጎዳል፣ ሁለተኛው ጨርቁን ጥላሸት ያለብሳል። ብረቱ በውሃ አይታጠብ፤ በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ ስስ ሰም ይቀባ። እንጨቱ ቫርኒሽ አይቀባ። የጀበናውና የምጣዱ ጥላሸት አይፋቅ፤ ስንት ዓመት እሳት ላይ እንደቆየ የሚናገረው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ የመሶብና የጥልፍ ቀለምን በጥቂት ዓመታት ታነጣለች። መስኮቱ ላይ አቡጀዲ ይሰቀል፤ ጨርቆቹ በየ3 ወይም 4 ወሩ ይፈራረቁ። ለመጠቅለያ የሚሆነው አቡጀዲ ቀድሞ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ስታርቹ ይውጣ፤ ስታርቹ ራሱ ተባይ ይጠራል።

ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በሊቀ መንበሩ፣ ሌላው በጸሐፊው እጅ። ከምረቃ በኋላ ተዘግተው የቀሩ ክፍሎች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ የእድር መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ቢከፈት በቂ ነው፤ ሰው አስቀድሞ የመጣ ስለሆነ ጎብኚ መጥራት አያስፈልግም። አዲሶቹ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎችም እድር ያቋቁማሉ፤ የሚኖሩበት መሬት ማሳ ሳለ ማን ያርሰው እንደነበር ከካርታው ላይ ማየት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው።

አንድ የማይዘለል ነገር ይቀራል። ክፍሉ ከመታደሱ በፊት ቦታው በከተማው ፕላን ላይ ምን ተብሎ እንደተያዘ ወረዳው ወይም ክፍለ ከተማው ዘንድ በጽሑፍ ይጠየቅ። ዕቃው ሁሉ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ክዳን ባላቸው ሣጥኖች ሊገባ በሚችል መጠን ይያዝ፤ ግድግዳ ላይ ተቸንክሮ የማይነቀል ነገር አይኑር። በመተዳደሪያ ደንቡም ቤቱ ቢፈርስ ወይም እድሩ ቢበተን ውሰቱ ለባለቤቶቹ እንደሚመለስ፣ የስጦታው ዕቃ ለየትኛው ትምህርት ቤት ወይም ሙዚየም እንደሚሄድ፣ የድምፁና የመዝገቡ ቅጂ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ተቀባዮቹም መስማማታቸውን በደብዳቤ ያረጋግጡ።